«ኢንዳይት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ



በዛሬው እንግሊዝኛ እምብዛም የማይሰማ «ኢንዳይት» የሚባል ግሥ አለ። ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። ትርጉሙ እንዲሁ «መጻፍ» መስሎኝ፣ የመምህሩን ማስታወሻ ከሰሌዳ ኢንዳይት አደረግሁ ብዬ በደብተሬ ብጽፍ መምህሬ በቀይ ሰረዙብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ግሥ የሚናገረው ስለ እጅ ሥራ ሳይሆን ስለ ልብ ሥራ ነው፤ ይኸውም ቃልን ከራስ አመንጭቶና አሰናድቶ በጽሑፍ ማስፈር ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ወይም ግጥም ኢንዳይት ይደረጋል፤ የተገለበጠ ማስታወሻ ግን አይደረግም። ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ እየተናገሩ ማስጻፍን ያመለክታል፤ ሁላችንም የምንፈራው ዲክቴሽን የዚሁ ዘመድ ነው። ድምፁ ፍጹም አንድ የሆነ ወንድምም አለው፤ ሲጻፍ ግን በመካከሉ አንድ የማይነበብ ፊደል አለበት፤ ትርጉሙም በወንጀል መክሰስ ነው። ደብዳቤ ደረስሁ ሲሉ ደብዳቤውን ከሰስሁት እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ግሥ በመዝሙር 45 መጀመሪያ ላይ ይገኛል። በግዕዙ ዳዊት መዝሙሩ 44ኛው ሲሆን ግሡ «ጐሥዐ» ነው፤ በአማርኛ አገሣ ማለት ነው። የጠገበ ሰው ሳያስበው እንደሚያገሣ፣ የሞላ ልብም ቃሉን ያወጣል። እኔስ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግዕዙን ወደድሁት።

በእኛም አገር የቃሉ ባለቤትና የእጁ ባለቤት ተለይተው ይታወቃሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ የሚለው የቤተ መንግሥት ማዕርግ ትእዛዙ የንጉሥ፣ ጽሕፈቱ የጸሐፊው መሆኑን በስሙ ይናገራል። (የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ግን ራሳቸውም ደራሲ ነበሩ።) አማርኛችንም «ጻፈ» እና «አጻፈ» ብሎ በአንዲት ፊደል ይለያቸዋል።

ይህችን አንዲት ፊደል የተማርሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። በክረምት ዕረፍት ከዳባት ወዲያ ስልክ ከማይሰማበት ቀበሌ አያቴ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ፣ ጐንደር ለምትኖረው አክስቴ ደብዳቤ አጻፉኝ። ያሉኝም ይህን ብቻ ነበር፤ ላሟ ወለደች፣ ገብሱን በረዶ መታው፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ እስከ መስከረም አትምጪ። ይህ ለእኔ ለተማሪው ደረቅ ሆነብኝ። ስለዚህ ከራሴ «ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት እሰጋለሁ» የሚል ጨመርሁበት፤ አትምጪ የሚለውም ከዚህ ጋር ስላልተስማማ ተውሁት።

ደብዳቤው በመንገደኛ እጅ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማታ አክስቴ ሥራዋን ጥላ፣ ከዳባት በእግሯ በዝናብ መጥታ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና እያለቀሰች ደረሰች። አያቴ ምድጃው ዳር ጥሬ እየቆሉ ነበር። ወረቀቱ ሲነበብላቸው ዝም ብለው ሰሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን እኔ መቼ ተናገርሁ? እጅህን ብለምንህ አፌንም ወሰድኸው?» አሉኝ።

አክስቴ ኋላ ሳቀች፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ክረምት ሌላ ደብዳቤ ሲያጽፉኝ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ መልሼ እንዳነብላቸው አዘዙኝ።