ተመላልሶ የሚመጣ የምስል ድራይቨር ብልሽት፤ መንስዔውን ለይቶ የማወቅ ዘዴ

«ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩት፤ ዳነልኝ። ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰበት።» አሮጌ ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ይህን ሲሉ መስማት የተለመደ ነው። ስክሪኑ ድንገት ይጨልማል፤ ይርገበገባል፤ ፊደሉ ያለ መጠን ይተልቃል፤ ወይም ፕሮጀክተር ሲሰካ ምስል አልወጣም ይላል። ለማስተማር ልምምድ ለወጣ ሠልጣኝ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቀዋል። ከዚያም አልፎ ብዙ ሰው ዊንዶውስን ደጋግሞ በማስጫን ገንዘቡን ይከሰክሳል፤ አንዳንዴም የደከመበት የትምህርት ዕቅድና ፈተና አብሮ ይጠፋበታል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ተመላልሶ የሚመጣ ብልሽት ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ በመስጠት ሳይሆን የሚመለስበትን ምክንያት በመለየት እንደሚድን ማስረዳት ነው።

ለመሆኑ ድራይቨር ምንድን ነው?

በላፕቶፑ ውስጥ ምስል የሚያዘጋጅ ቺፕ አለ፤ የግራፊክስ ቺፕ ይባላል። በዊንዶውስና በቺፑ መካከል እንደ አስተርጓሚ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ድራይቨር ነው። አስተርጓሚው የአንዱን ቋንቋ በሚገባ ካላወቀ ሥራው ይሰናከላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ የቺፑን ምላሽ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ሰው ካልለወጠው በቀር 2 ሴኮንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ቺፑንና ድራይቨሩን ራሱ እንደገና ያስነሣቸዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ የሚመለሰውና «ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር፤ ተመልሷል» የሚል መልእክት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መልእክቱ የሚነግረን መልስ መዘግየቱን ነው እንጂ ለምን እንደዘገየ አይደለም። ስሙ የተጠራ ሁሉ ጥፋተኛ አይሆንም።

ሦስቱ ዋና ዋና መንስዔዎች

አንደኛ፤ የድራይቨር መተካካት ነው። የላፕቶፕ አምራቾች ለየሞዴላቸው የተስተካከለ ድራይቨር ያወጣሉ። ዊንዶውስ አፕዴት ደግሞ በራሱ ጊዜ ሌላ አምጥቶ ሊተካው ይችላል። እኛ የሚሠራውን ጭነን ደስ ብሎን ስንሄድ እሱ ከኋላችን መጥቶ ይለውጠዋል። በሌላ በኩል ዕድሜው የገፋ ቺፕ ለአዲስ ዊንዶውስ የተዘጋጀ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጡት የሁለተኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ውስጥ የሚገኘው ኤችዲ ግራፊክስ 3000፣ ኢንቴል በዊንዶውስ 10 ላይ ድጋፍ አልሰጠውም።

ሁለተኛ፤ ሙቀት ነው። የአሮጌ ላፕቶፕ ማራገቢያ በአቧራ ይታፈናል። ብልሽቱ ማሽኑ ሲከፈት ጠፍቶ ቆየት ሲል፣ ቪዲዮ ሲታይ ወይም ላፕቶፑ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ሙቀት ይሂድ።

ሦስተኛ፤ የዕቃው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ በተሠሩበት ቁስ ድክመት የተነሣ እየተበላሹ መሆናቸውን ገልጾ፣ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቋል። ቺፑ ለተጎዳበት ሰው ድራይቨር ቢቀያይር ምን ሊጠቅመው?

መንስዔውን የመለያ ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድመን ሥራችንን በፍላሽ እንገልብጥ። ከዚያ በኋላ፦

1ኛ/ ላፕቶፑን አጥፍተን ስናበራው ወደ ባዮስ ገጽ እንግባ። እዚህ ገጽ ላይ ዊንዶውስም ድራይቨሩም ገና አልተነሡም። መስመር ወይም መርገብገብ እዚሁ ከታየ ድራይቨሩ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ከዕቃው ነው።

2ኛ/ ሌላ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር እንሰካ። የውጪው ደህና ሆኖ የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ከታመመ ስክሪኑን ወይም ኬብሉን እንጠርጥር። ሕመሙ በሁለቱም ላይ ከታየ ግን ቺፑን ወይም ድራይቨሩን።

3ኛ/ በሴፍ ሞድ እንክፈተው። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ የአምራቹን ድራይቨር ትቶ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ይሠራል። ብልሽቱ ከጠፋ ድራይቨሩን መጠርጠር ይቻላል። ነገር ግን ሴፍ ሞድ ቺፑን ብዙ ስለማያደክመው የብልሽቱ መጥፋት ብቻውን ቺፑን ነፃ አያወጣውም።

4ኛ/ ኢቨንት ቪወር በሚባለው መዝገብ፣ ሲስተም ከሚለው ክፍል ቁጥር 4101ን እንፈልግ። ድራይቨሩ ምላሽ ያቆመበት ቀንና ሰዓት እዚያ ተጽፏል። ይህን ከአፕዴት ታሪክ ጋር እናስተያየው። ሕመሙ የጀመረው ድራይቨር በተተካ ማግስት ከሆነ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

መፍትሔው

ጥፋቱ የድራይቨሩ ከሆነ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የቺፑን ስም ከፍተን፣ ድራይቨር ከሚለው ገጽ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን እንጫን፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰናል። ይህ አልሠራ ካለ ለዚያው ሞዴል የወጣውን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደን በፍላሽ እናስቀምጥ፤ ኢንተርኔቱን እናቋርጥ፤ ያለውን አጥፍተን አዲሱን እንጫን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ሥራ ግን ገና ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ዊንዶውስ ድራይቨሩን መልሶ እንዳይተካው መከልከል ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፕሮ እትም፣ ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ድራይቨሮች ከአፕዴት ጋር እንዳይመጡ የሚያዝ መመሪያ አለ። በሆም እትም ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ ላይ «ኖ» ማለት ይረዳል። የደኅንነት አፕዴቶችን ግን መዝጋት አይገባም።

ጥፋቱ የሙቀት ከሆነ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ መተንፈሻውን ማጽዳት ነው። የዕቃው ከሆነ ደግሞ ከላይ ያገኘነውን ውጤት ጽፈን ለባለሙያ እንውሰድለት፤ የማይጠቅም ሥራ ተሠርቶ እንዳንከፍል ይጠብቀናል።

በክፍል ውስጥ እያለን ስክሪኑ ቢጨልም የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን ባንድ ላይ መጫን በዊንዶውስ 10 እና 11 የምስሉን ሥርዓት እንደገና ያስነሣል። ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም።

በሁሉም ላይ አንድ ሕግ አይረሳ፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ውጤቱንም እንጻፍ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድንም እንኳ ምኑ እንዳዳነው አያውቅም።

ለመምህር ሙያ የሚሰጠው ትምህርት

ይህ አሠራር ለማሽን ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ስንለው 35 ነው ካለ፣ ያንኑ ማብራሪያ ጮክ አድርገን ብንደግምለት ነገም ያው ስሕተት ይመለሳል። ልጁ ከ2 ላይ 7 መቀነስ አልሆን ቢለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል። የሳተባትን ቦታ ካገኘን ግን መበደርን ማስተማር ብቻ ይበቃል። በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ ለላፕቶፕም ለተማሪም አይበጅም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ/ መስመሩ በባዮስ ገጽ ላይ ከታየ ድራይቨሩን ነፃ የምናወጣው ለምንድን ነው?
ለ/ በሴፍ ሞድ ብልሽቱ መጥፋቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ የማይሆነው ስለምንድን ነው?
ሐ/ ከምታስተምሩት የትምህርት ዓይነት ተመላልሶ የሚመጣ የተማሪ ስሕተት አንድ መርጣችሁ፣ መንስዔውን የምትለዩበትን ቅደም ተከተል ጻፉ።