«ሰዓትሽን አትጠቀሚበትም»

«እትዬ፣ በግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ሜክሲኮ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ቁርስና የልጆቹን ምሳ ዕቃ አሰናዳለሁ። አለቃዬ ከመውጫ ሰዓት በኋላ ስለሚያቆየኝ የማታ ትምህርቴ ላይ ሁልጊዜ አረፍዳለሁ፤ ቤት ስገባ 3 ሰዓት ያልፋል። ቅዳሜ መጋገርና ማጠብ፣ እሑድ ለቅሶ ወይም ማኅበር ነው። ባለቤቴ ግን ‹ሰዓትሽን አትጠቀሚበትም› ይለኛል። ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ብለጥፍም ሳምንት አልያዘልኝም።» — ደከመኝ

እህቴ፣ ያባከንሽውን ሰዓት ከደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ፕሮግራሙ ያልያዘልሽ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ቀን ላይ ስለጻፍሽ ነው።

ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም አታውጪ። ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና የቤቱን ሥራ ትንሹን ሳታስቀሩ ጻፉ፦ ዩኒፎርም መተኮሱን፣ ውኃ በሚመጣበት ቀን በርሜል መሙላቱን ሁሉ። ከዚያ እሱ ሙሉ በሙሉ የሚይዘውን ይምረጥ። «አግዝሻለሁ» ካለሽ አትቀበዪ። የሚያግዝ ሰው እስኪነግሩት ይጠብቃል፤ ማሰቡና መንገሩ ያው ካንቺ አይወርድም። ምሳ ዕቃው የእሱ ከሆነ ሽንኩርት ማለቁንም የሚያውቀው እሱ ይሁን።

ሊጥ ቀጠሮ አያራዝምም። በ3 ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ከዚያ ብታቆዪው ይኮመጥጣል፤ ረቡዕ ማታ ስታቦኪ ቅዳሜሽን አብረሽ ሰጠሽ ማለት ነው። ፈተና ሲደርስ አታቡኪ፣ እንጀራ ግዢ። ብሩ ያሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ነፃ ቅዳሜ ግን በሌላ መንገድ አታገኚም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ የሚያልፈው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ለአለቃሽ የትምህርት ሰዓትሽን በጽሑፍ አሳውቂ፤ በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ለቅሶ አትቅሪ። የማኅበር ተራሽን ግን እስክትመረቂ እንዲያሸጋግሩልሽ እናቶቹን ለምኚ፤ ለትምህርት ነው ካልሻቸው የሚቀየሙሽ አይመስለኝም።

አውቶቡስ ላይ አጥኚ የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ ተኚ እላለሁ፤ በሌሊት 10 ሰዓት የሚነሣ ሰው እንቅልፍ ይገባዋል።

ባለቤትሽ ሥራውን ሲጀምር ሸሚዙ ይጨማደድበት፣ ወጡ ይቅጠንበት ይሆናል። እስኪለምደው ድረስ እጅሽን አታስገቢ።