የመኪና ማቆሚያ ቦታና የጎረቤት ሰላም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ በዚህ እትም ልናጠናው የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከመንፈሳዊ ትምህርት የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይኸውም በመኖሪያ ሠፈር በመኪና ማቆሚያ ቦታ ምክንያት በጎረቤታሞች መካከል ስለሚነሣው ጠብ ነው። ዳሩ ግን በአንድ እድር የሚቀባበሩ፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ለአንድ አውቶሞቢል በምትበቃ ቦታ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ስናይ፣ ጉዳዩ የነፍስም ጉዳይ መሆኑን እንገነዘባለን።

በመጀመሪያ የጠቡን መነሻ እንመልከት። በአዲስ አበባ በቀድሞዎቹ ሠፈሮች ያሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው፤ ቤቶቹ ሲሠሩ በየደጁ መኪና ይቆማል ተብሎ አልታሰበም። ዛሬ ግን ግቢ የሌለው ሰው መኪናውን ከደጅ ያቆማል፤ ግቢ የነበረውም ለኪራይ የሚሆን ክፍል ሠርቶበት መኪናውን ወደ መንገድ ያወጣል። በኮንዶሚኒየምም ቢሆን መኪና ያለው ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው አይበቃም።

ነገሩን በቁጥር እናስላው። አንድ መንገድ 5 ሜትር ስፋት አለው እንበል። አንድ የቤት መኪና ከነመስተዋቱ 2 ሜትር ያህል ይይዛል። መኪኖች በአንድ ወገን ብቻ ቢቆሙ 3 ሜትር ይተርፋል፤ አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም ተጠንቅቆ ያልፋል። በሁለቱም ወገን ትይዩ ቢቆሙ ግን የሚተርፈው 1 ሜትር ብቻ ነው። በዚህች 1 ሜትር ምጥ የያዛትን እናት የጫነ መኪና አያልፍባትም፤ አስከሬን የጫነም አያልፍባትም። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች እልህ ተጋብተው ፊት ለፊት ሲያቆሙ የሚጎዳው በጠቡ ውስጥ የሌለበት ሦስተኛው ሰው ነው።

ጠቡም እንዲህ እያለ ያድጋል። አንዱ ቦታዬ እንዳይያዝብኝ ብሎ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ያስቀምጣል። ሌላው ድንጋዩን አንሥቶ ያቆማል። በማግሥቱ ጎማው ተንፍሶ ይገኛል፤ ቀጥሎም ቀለሙ በሚስማር ተጭሮ ይታያል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አብረው መጫወት ይከለከላሉ፤ ቡናም አብሮ መጠጣት ይቀራል።

የሁሉም ክርክር «ደጄ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን የሚቆጥረው ከሕዝብ ንብረት ጋር ነው። እንዲህ ያለውን ንብረትም ማንም ሰው ለረጅም ዘመን ስለተጠቀመበት ብቻ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ «ሃያ ዓመት አቁሜበታለሁ» የሚለው ቃል ልማድን እንጂ ባለቤትነትን አያስረዳም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅም የእያንዳንዱን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ ደንግጓል። በደጃችን ያለው መንገድ የጋራ ነው፤ ስለ ጋራ ነገር ደግሞ መነጋገር እንጂ መነጣጠቅ አይገባም።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ስንመለስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 የተጻፈው የአብርሃምና የሎጥ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። የሁለቱም ከብት በዝቶ ምድሪቱ አልበቃቸው አለች። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

1ኛ/ ጠቡን የጀመሩት እረኞቻቸው እንጂ ባለቤቶቹ አልነበሩም። ዛሬም ብዙ ጊዜ ጠቡ በጥበቃ ሠራተኞች፣ በሾፌሮችና በልጆች መካከል ተጀምሮ ወደ ቤቱ ጌቶች ይዛመታል።

2ኛ/ በዚያው ምድር ከነዓናውያንና ፌርዛውያን ይኖሩ ነበር። ስለዚህ የዘመዳሞቹ ጠብ በሌሎች ሕዝቦች ፊት የሚታይ ነበር።

3ኛ/ ለሰላም ቀድሞ የተናገረው አብርሃም ነው። አጎት ሲሆን፣ በዕድሜም በክብርም ሲበልጥ፣ የመምረጡን መብት ለወንድሙ ልጅ ለቀቀ። ሎጥም ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ።

አብርሃም በመልቀቁ ተጎዳን? አልተጎዳም። በምዕራፍ 14 እንደምናነበው ሎጥ በተማረከ ጊዜ 318 ሰዎቹን ይዞ ተከትሎ ያስመለሰው ያው አብርሃም ነው። በቂም ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ሎጥ ማን ይደርስለት ነበር? በእኛም ሠፈር በእኩለ ሌሊት ልጅ ሲታመም በሩ የሚንኳኳው መኪና ያለው ጎረቤት ነው። ቀን በማቆሚያ ቦታ የተጣላነው ሰው ሌሊት የምንፈልገው ሰው መሆኑን አንርሳ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። አብርሃም የለቀቀው የራሱን መብት ነው፤ የሌላውን አልለቀቀም። እኛም የራሳችንን የማቆሚያ ቦታ ለሰላም ስንል ብንተው መልካም ነው። ነገር ግን የአምቡላንስ መተላለፊያ ሲዘጋ ወይም አቅመ ደካማ የሆኑ እናት በር ሲያዝባቸው «ለሰላም ስንል ዝም እንበል» ማለት የሰውን መብት አሳልፎ መስጠት ነው። እንዲህ ሲሆን መናገር ግዴታችን ነው። አነጋገሩን ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ባስተማረው ሥርዓት እናድርገው።

ሀ/ በመጀመሪያ ብቻ ለብቻ መነጋገር። በአጥር ላይ መጮኽ ወይም ጥሩንባ መንፋት ሳይሆን በር አንኳኩቶ በአክብሮት «ጋሼ፣ መኪናዎ በሩን ስለያዘው እናታችንን ሐኪም ቤት መውሰድ አልቻልንም፤ እባክዎ ትንሽ ያስጠጉልን» ማለት ነው። ብዙው ጠብ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ለ/ ካልተሰማ አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌ ይዞ መሄድ። ለሁለቱም ወገን የሚቀርቡ የንስሐ አባት ቢኖሩ ይበልጥ ይሰማሉ።

ሐ/ ከዚያም ጉዳዩን ለሠፈሩ እድር ወይም ለሕንጻው ኮሚቴ ማቅረብና ለሁሉም እኩል የሆነ ደንብ ማስጻፍ። መኪና በአንድ ወገን ብቻ እንዲቆም፣ በርና ማእዘን ክፍት እንዲሆን፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ለድንኳን ቦታ እንዲለቀቅ፣ እያንዳንዱ ሰው ስልክ ቁጥሩን ከመስተዋቱ ሥር እንዲያስቀምጥ መስማማት ይቻላል። ይህም ካልረዳ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ትራፊክ ፖሊስ መሄድ አያስነቅፍም። በጨለማ ጎማ ማስተንፈስ ግን በማንኛውም መንገድ የክርስቲያን ሥራ አይደለም።

ከእኛ ከወጣቶች ምን ይጠበቃል? ወላጆቻችን በቁጣ «ሂድና ድንጋዩን አንሣው» ሲሉን የጠቡ እረኞች የምንሆነው እኛ ነን። ያን ጊዜ በትሕትና «አባዬ፣ መጀመሪያ ላነጋግራቸው» ማለት እንችላለን። ደግሞም በየሠፈሩ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ፣ ድንጋይና የቆሻሻ ክምር የሁለትና የሦስት መኪና ቦታ ይዞ ይገኛል። አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዘን ብናነሣው ሁለት ጎረቤታሞችን እናስታርቃለን።

ከሁሉ በላይ የንግሥ በዓል ዕለት እናስብ። ለበዓል የሚመጡ የአንዳንድ ምእመናን መኪኖች በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖሩትን ሰዎች በር ይዘጋሉ። ከእነርሱም መካከል እምነታቸው ከእኛ የተለየ አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም የሚለውን ስም የምታውቅ ሆና ሳለ የጎረቤቷ ደጅ በእኛ ምክንያት የጠብ ደጅ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ በበዓላት ቀን ከአባላት ጥቂቶቹ በየበሩ ቆመው መኪና እንዲያስተናግዱ ለአገልግሎት ክፍሉ ሐሳብ ብናቀርብ መልካም ነው።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ አጠገባችን የቆመው ያ የተጣላነው ጎረቤት ቢሆን ምን እናደርጋለን? ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዞናል (ማቴ. 5)። እንግዲህ እርቁ ከሰንበት በፊት፣ በዚያው በጠበበው መንገድ ላይ ይጀመር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
1/ በሠፈራችሁ መንገድ ላይ አምቡላንስ ማለፍ ይችላልን? በእርምጃ ለክታችሁ ኑ።
2/ የራስን መብት በመልቀቅና የሌላውን መብት በመተው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3/ ለበዓል ቀን የመኪና አቋቋም ምን ዓይነት ሥርዓት ይሻላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።