ወደ ኋላ ስለሚጽፈው ጸሓፊ
የዶሮ ደዌ ለሰው መድኃኒት መንገድ እንደ ከፈተ የሚያስረዳ ትምህርት

ቁም ጸሓፊ ዋናውን መጽሐፍ በዕቃ ቤት ያኖረዋል፤ ለሚፈልገው ሰው ግን በወረቀት ገልብጦ ይሰጠዋል። ዋናው ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ ነው። በሰውና በእንስሳ ሰውነት ያለው ሥርዓትም ይህን ይመስላል። ሰውነት ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ እንብርት ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሕፈት ተቀምጧል። ከእርሱም አር ኤን ኤ የሚባል ግልባጭ እየወጣ ለሕዋሱ የሥራ ትእዛዝ ያደርስለታል። ሊቃውንትም ጽሕፈቱ ከዋናው ወደ ግልባጩ ይሄዳል እንጂ ከግልባጩ ወደ ዋናው አይመለስም ብለው ብዙ ዘመን ያስቡ ነበር። ይህን አሳብ የለወጠው የዶሮ ደዌ ነው።

በ1903 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ኹሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) በኒውዮርክ ከተማ በሮክፌለር የምርምር ቤት ይሠራ የነበረ ፔይተን ራውስ የሚባል ሐኪም ከታመመች ዶሮ ዕባጭ ወስዶ ፈጨው፤ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያም አጠለለው። የወረደውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮ ቢወጋበት በእርስዋም ላይ ያው ዕባጭ ወጣ። ከባክቴሪያ የሚያንስ ቫይረስ ዕባጭ እንደሚያመጣ በዚህ ታወቀ። ብዙዎች ነገሩን ሳይቀበሉት ቈዩ፤ ራውስም የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ከሸመገለ በኋላ በ1959 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ቫይረስ ጽሕፈት አር ኤን ኤ ብቻ ነው። ግልባጭ ብቻ ይዞ የመጣ ቫይረስ በዶሮዋ ሕዋስ ውስጥ እንዴት ለዘወትር ይኖራል? ሃዋርድ ቴሚን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ቫይረሱ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ይመልሰዋል ብሎ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ቴሚን ከሳቶሺ ሚዙታኒ ጋራ ኾኖ ይህን ሥራ የሚሠራውን ኤንዛይም በራውስ ቫይረስ ውስጥ አገኘው፤ ዴቪድ ባልቲሞርም በዚያው ወራት ለብቻው ሲመራመር ይህንኑ አገኘ። ኤንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የዚህኛው ስም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ነው፤ ይኸውም ወደ ኋላ የሚገለብጥ ማለት ነው። ቴሚንና ባልቲሞር በ1968 ዓ.ም. ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

የኤንዛይሙ ሥራ በተራ የሚኼድ ነው። በመዠመሪያ ቫይረሱ ከሕዋስ የወሰደውን ትንሽ አር ኤን ኤ መነሻ አድርጎ አንዱን የዲ ኤን ኤ ክር ይጽፋል። ኹለተኛ፥ የገለበጠበትን አር ኤን ኤ ቈራርጦ ያጠፋዋል። ሦስተኛ፥ ኹለተኛውን ክር ጽፎ ከፊተኛው ጋራ ያጣምረዋል። ከዚህ በኋላ ኢንቴግሬዝ የሚባል ሌላ ኤንዛይም አዲሱን ዲ ኤን ኤ በሕዋሱ ዋና ጽሕፈት መካከል ይሰፋዋል። ሕዋሱም እንግዳውን ጽሕፈት እንደ ራሱ ገንዘብ ይገለብጠዋል። እንዲህ ያሉት ቫይረሶች ሬትሮቫይረስ ይባላሉ።

በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በአዳማ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ደዌ ከፈንግል መለየት ይገባቸዋል። የፈንግል ቫይረስም ጽሕፈቱ አር ኤን ኤ ነው፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ኤንዛይም የለውም፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይሠራል። የዶሮ ሬትሮቫይረስ ግን ከእናቲቱ በእንቍላል ወደ ጫጩት ይተላለፋል፤ መከላከያውም የታመሙትን ከዘር መለየት ነው። ሰውን ግን አያሳምምም።

ሰውን የሚያሳምመው ኤች አይ ቪም ሬትሮቫይረስ ነው። በ1975 ዓ.ም. በፓሪስ የፓስተር የምርምር ቤት ሊቃውንት መዠመሪያ ሲያገኙት ምን ዐይነት ቫይረስ እንደ ኾነ ያወቁት በዚሁ ኤንዛይም ነበር። ኤንዛይሙ ስለ ታወቀም የሚያግደው መድኃኒት ተገኘ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሚባሉት መድኃኒቶች የዲ ኤን ኤን ፊደል ይመስላሉ፤ ጸሓፊው አንሥቶ ሲጽፋቸው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የሚያያዝበት ስለሌላቸው ጽሕፈቱ ይቋረጣል። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ዋጋ መሰጠት የዠመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

አዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ነጋዴና መንገደኛ የሚያድርባት ከተማ ናት። በዚያ ባለው የኅብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ የበሽተኛው ደም ሲመረመር የቫይረሱ አር ኤን ኤ በዚህ ዐይነት ኤንዛይም ወደ ዲ ኤን ኤ ተገልብጦ ይበዛል፤ ብዛቱም ይለካል። በዶሮ ቫይረስ የተገኘው ጸሓፊ አኹን ለሐኪም ያገለግላል።

አስተማሪና ሽማግሌ ለሕዝብ አጥብቀው ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ ጸሓፊውን ብዕሩን ያስጥለዋል እንጂ አስቀድሞ የተጻፈውን ከብራናው አይፍቀውም። ስለዚህ ዳንኹ ብሎ ኪኒኑን የተወ ሰው በሕዋሱ የተሰወረው ጽሕፈት ተነሥቶ ደዌው ይመለስበታል። ከዚህም በላይ ይህ ጸሓፊ የጻፈውን መልሶ ስለማያርም ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ኪኒኑ በተቈራረጠ ጊዜ ከስሕተቱ መድኃኒት የማይበግረው ቫይረስ ይወጣል። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ። ኪኒኑን በየዕለቱ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ እስኪኾን ያነሰለት ሰው ግን ይሠራል፥ ያገባል፥ ይወልዳል፤ በሩካቤም ደዌውን ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፦
1. የሬትሮቫይረስ ጽሕፈት ከሕዋስ ዋና ጽሕፈት በምን ይለያል?
2. ኤንዛይሙ ሥራውን በስንት ተራ ይፈጽማል?
3. ጤና የተሰማው በሽተኛ ኪኒኑን መተው የማይገባው ስለ ምንድን ነው?