አሮጌ ግን በደንብ የተያዘ ሞተር ብስክሌት እንዴት ይገዛል?

በአውሮፓና በአሜሪካ ያገለገሉ ሞተር ብስክሌቶች ገበያ፣ ለፈጣንና ለረጅም ጉዞ ከተሠሩት መካከል ሆንዳ ኤስ ቲ 1100 ዛሬም ፈላጊ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቀርቦ በ2002 በኤስ ቲ 1300 ተተካ። ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ 1,084 ሲሲ ሞተር አለው፤ ሰልባትዮው 28 ሊትር ይይዛል። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካርዳን ስለሆነ ሰንሰለት የመቀየር ወጪ የለበትም።

ገዢ ከኪሎ ሜትሩ አስቀድሞ የጥገናውን ደብተር ይጠይቅ። ብዙ ተነድቶ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት፣ ለዓመታት ከቆመው ይሻላል። ሲቆም ካርቡራተሩ በአሮጌ ቤንዚን ይደፈናል፤ ጎማውም ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል። የጎማን ዕድሜ ለማወቅ በጎኑ የታተመውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይመልከቱ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት ይጠርጥሩ፤ እስኪቀዘቅዝ ቆይተው ራስዎ ያስነሱት።

ቀጥሎ ሂሳቡ ይሠራ። ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ዘይትና የታይሚንግ ቺንጋ መቀየር ካስፈለገ ወጪው ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀነስ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ይፈልጉ። በርካሽ የተገዛ ያልተያዘ ሞተር፣ የጥገናው ወጪ ሲደመር በደህና ዋጋ ከተሸጠው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

መልሶ ሸጦ ለማትረፍ ያሰበ ነጋዴ ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይበጃል። የዋጋውን መውደቅ አብዛኛውን የተሸከመው የመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ሁለተኛው የሚያተርፈው ምቹ ጉዞውን ነው።