ጎርፉ ከአሰቦት ምን ይዞ ይሄዳል?

በአሰቦት ዙሪያ ባሉት ደረቅ ወንዞች ጎርፍ ሲወርድ ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል። የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የማሳችን አፈር አብሮት ይሄዳል። በአፈሩም ውስጥ በዓይን የማይለይ ሀብት አለ፤ እርሱም ካርቦን ነው።

1. ካርቦን ከየት ይመጣል?
ማሽላውና ሣሩ ካርቦንን ከአየር ወስደው አካላቸውን ይሠሩበታል። ቅጠልና ሥር ሲበሰብስ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ይቀራል። አፈርን የሚያጠቁረውና እርጥበት እንዲይዝ የሚረዳው ይህ ነው።

2. ወንዝ ወዴት ይወስደዋል?
የዓለም ወንዞች በየዓመቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ወደ ባሕር ያደርሳሉ። ከፊሉ በባሕር ወለል ከደለል ጋር ተቀብሮ ይቀመጣል። የእኛ ወንዞች ግን ይለያሉ። ከጨርጨር ተራሮች ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ያመራል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ደቡብ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በሶማሊያ ረግረግ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የማሳችን ካርቦን ከፊሉ በመንገድ በስብሶ ወደ አየር ይመለሳል፤ ከፊሉም በሜዳና በሐይቅ ደለል ይሆናል። የትም ቢቀር ግን ለገበሬው ጠፍቶበታል።

3. የአየር ንብረት ለውጥ ምን ይጨምራል?
አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ይበረታል። ይኸው ሙቀት በዝናብ መካከል መሬቱን ያደርቃል። በ2007 እና 2008 ዓ.ም. ምዕራብ ሐረርጌን የመታውን ድርቅ እናስታውሳለን። ድርቅ ያራቆተውን መሬት ኃይለኛ ዝናብ ሲያገኘው፣ በብዙ ዓመት የተጠራቀመው አፈር በአንድ ቀን ይታጠባል።

4. ምን እናድርግ?
አገዳው ለከብትና ለማገዶ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ቢሆንም ጉቶውንና ሥሩን በማሳው እንተው፤ የተረፈንን ፍግ ወደ ማሳው እንመልስ። እርከን ከተዳፋቱ ራስ ይጀመር፤ ቦረቦሩ ገና ትንሽ ሳለ በድንጋይ ይከተር። የፕሮጀክት ሠራተኞችም የተሠራውን እርከን ብቻ ሳይሆን ከዝናብ በኋላ የቆመውን ይቁጠሩ።

ለውይይት፦
ሀ. ባለፈው ክረምት ጎርፉ አፈር የወሰደው ከማን ማሳ ነው?
ለ. ከላይ ያለው ጎረቤት እርከን ካልሠራ፣ ከታች ያለው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?