ከርነል ሲለወጥ የፕሮሰሰር ፍጥነት ለምን ይታወካል?

መግቢያ

ኮምፒውተር በሥራ ላይ ሳለ ፕሮሰሰሩ ዘወትር በአንድ ፍጥነት አይሠራም። የጎጃም ገበሬ በሬዎቹን በሜዳና በዳገት በእኩል ፍጥነት እንደማይነዳ ሁሉ፣ ዘመናዊ ፕሮሰሰርም ሥራ ሲበዛበት ይፈጥናል፤ ሥራ ሲቀንስለት ይዘገያል። በዚህ ማስተካከያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ከርነሉ በአዲስ ሲተካ ግን አሠራሩ አንዳንድ ጊዜ ይታወካል። ላፕቶፑ ከወትሮው በላይ ይሞቃል፤ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። አለዚያም ማሽኑ ከዝቅተኛው ፍጥነት አልወጣም ይላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭና የምርመራውን መንገድ ሊኑክስን በምሳሌነት ወስደን እንመለከታለን።

ፍጥነት፣ ኃይልና ሙቀት

ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚወስደው ኃይል ከሰዓት ምቱ ድግግሞሽ ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ወደረኛ ነው። ስለዚህ ድግግሞሹ በግማሽ ቢቀንስና ቮልቴጁም ወደ 80 በመቶ ቢወርድ፣ ኃይሉ 0.5 × 0.8 × 0.8 = 0.32 ይሆናል። ይህም ማለት ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው።

የወሰደው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አየር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው በደብረ ማርቆስ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሻግረው የአየር መጠነ ቁስ ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ያለ ሥራ በከፍተኛ ፍጥነት ከቆየ ጉዳቱ እዚህ ይበልጥ ይሰማል።

ድራይቨርና ገቨርነር

በሊኑክስ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ገቨርነር የሚባለው ክፍል ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልግ ይወስናል፤ ድራይቨሩ ውሳኔውን ወደ ፕሮሰሰሩ ያደርሳል። ለምሳሌ «ኦንዲማንድ» የተባለው ገቨርነር ፍጥነቱን እንደ ሥራው ጫና ከፍና ዝቅ ያደርጋል። «ፐርፎርማንስ» ከፍተኛውን ፍጥነት፣ «ፓወርሴቭ» ደግሞ ዝቅተኛውን ይመርጣል። «ኤሲፒአይ-ሲፒዩፍሬክ» የተባለው ነባር ድራይቨር ሊመረጡ የሚችሉትን ፍጥነቶች የሚያገኘው ባዮስ ከሚያቀርበው ሠንጠረዥ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ድራይቨሩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ከርነል 3.7 አዳዲሶቹ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች «ፓወርናው-ኬ8» ከተባለው ድራይቨር ወደ «ኤሲፒአይ-ሲፒዩፍሬክ» ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከርነል 3.9 ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች «ኢንቴል-ፒስቴት»ን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በከርነል 5.17 «ኤኤምዲ-ፒስቴት» ተጨመረ።

የኢንቴሉ ለውጥ በተለይ ብዙ ተጠቃሚዎችን አደናግሯል። ይህ ድራይቨር በራሱ ስልት ሲሠራ የሚያቀርበው «ፐርፎርማንስ»ንና «ፓወርሴቭ»ን ብቻ ነው፤ «ኦንዲማንድ» ከዝርዝሩ ይጠፋል። በዚህም ምክንያት ኮምፒውተሩ ሲነሣ «ኦንዲማንድ»ን እንዲመርጥ የተጻፈ አሮጌ ትእዛዝ ይከሽፋል። ከዚህም በላይ «ፓወርሴቭ» የሚለው ስም ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለውጧል። በዚህ ድራይቨር ሥር ፕሮሰሰሩን በዝቅተኛው ፍጥነት አስሮ አያስቀምጥም፤ እንደ ጫናው ያስተካክለዋል እንጂ። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ስሕተት ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. የከርነሉን ስሪት መመዝገብ።
2. በሲስተሙ «ሲስ» ማኅደር ውስጥ፣ በሲፒዩ ክፍል ሥር ካለው የድራይቨር ስም ፋይል የትኛው ድራይቨር እንደሚሠራ ማንበብ። ፋይሉ ከነጭራሹ ከሌለ ምንም ድራይቨር አልተጫነም።
3. የቀረቡትን ገቨርነሮች ማየትና አሮጌ ትእዛዞችን ከእነርሱ ጋር ማስማማት።
4. ከርነሉ ሲነሣ የጻፈውን የመልእክት መዝገብ መመልከት።
5. በባዮስ ውስጥ የኃይል ቁጠባ አገልግሎቱ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ።
6. በቀድሞው ከርነል አስነሥቶ ውጤቱን ማወዳደር።

የመጨረሻው እርምጃ ከቤተ ሙከራ ሕግ የተወሰደ ነው፤ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ መተው። በቀድሞው ከርነል ችግሩ ከጠፋ፣ ምክንያቱ አቧራ ወይም ያረጀ ባትሪ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይኖረናል። ስለሆነም አዲሱ ከርነል በሚገባ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን ማጥፋት አይገባም። አዲሱ የኢንቴል ድራይቨር አልስማማ ካለም፣ በማስነሻው ትእዛዝ ላይ እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ነባሩ ድራይቨር ሥራውን ይረከባል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. አንድ ፕሮሰሰር ከ3 ጊጋኸርዝና ከ1.2 ቮልት ወደ 1.2 ጊጋኸርዝና ወደ 0.9 ቮልት ቢወርድ፣ የሚወስደው ኃይል ስንት በመቶ ይሆናል?

ለ. ያው ሥራ በዝቅተኛው ፍጥነት 2.5 እጥፍ ጊዜ ቢፈጅ፣ ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ኢነርጂ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ስንት ይሆናል? ስክሪኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ መብራቱንስ ብትጨምሩበት መልሱ እንዴት ይለወጣል?

መልስ፦ ሀ. 22.5 በመቶ። ለ. 56.25 በመቶ። የስክሪኑ ፍጆታ ከጊዜው ጋር ስለሚያድግ ቁጠባው ይቀንሳል፤ ፍጆታው ከበዛም ሥራውን ፈጥኖ ጨርሶ ኮምፒውተሩን ማሳረፍ የተሻለ ሊሆን ይችላል።